ግማሽ ኑዛዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ባለፈው የጥናት ጉባኤያችን ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የላከውን ሁለተኛ መልእክት ስናጠና፥ ሕጉን ጠብቆ ያልተወዳደረ ሰው የድል አክሊል እንደማይቀዳጅ ከሚያስተምረው ክፍል (2ኛ ጢሞ. 2፥5) ደረስን። ያን ጊዜ ከታናናሾቻችን አንዱ እጁን አውጥቶ፥ «ሁሉም ሰው ሕጉን የሚያፈርስ ከሆነስ? እኔ ብቻዬን ብጠብቀው ሞኝ አልሆንም ወይ?» ሲል ጠየቀ። ብዙዎች ሳቁ። ሰዓቱም አልቆ ስለ ነበር ጥያቄው ሳይመለስ በጸሎት ተለያየን። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያልሳቅሁበትን ምክንያት በመጨረሻ እናገራለሁ።

ለጥያቄው መልስ ስፈልግ የአሜሪካን የቤዝቦል ታሪክ አገኘሁ። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ታላላቅ ሰዎች ይህንኑ የወንድማችንን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት በልባቸው ሲጠይቁ ኖረዋል። እንዴት እንደ ወደቁ፥ እንዴት እንደ ሸሸጉ፥ እንዴትም እንደ ተናዘዙ በይፋ የታወቀ ስለ ሆነ ከእነርሱ የምንማረው ብዙ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤዝቦል በአገራችን እንደ እግር ኳስና እንደ ሩጫ የተለመደ አይደለም። በአጭሩ አንዱ ኳስ ይወረውራል፥ ሌላው በእንጨት ዱላ ይመታል። መቺው ኳሷን ከሜዳው አጥር አሻግሮ ካወጣት «ሆም ረን» ይባላል። አሜሪካውያን የዚህን ቁጥር እንደ ታላቅ ታሪክ ያከብሩታል። ቤብ ሩት በ1927 በአንድ የውድድር ዘመን 60 ሆም ረን መታ። በ1961 ሮጀር ማሪስ 61 አደረሰው። ይህም ቁጥር 37 ዓመት ሙሉ ሳይደፈር ቆየ።

በ1994 ተጫዋቾቹ ሥራ በማቆማቸው የዓመቱ የመጨረሻ ዋንጫ ውድድር ተሰረዘ፤ ሕዝቡም ተቀይሞ ከስታዲየሙ ራቀ። በ1998 ግን ማርክ ማግዋየርና ሳሚ ሶሳ የማሪስን ቁጥር ለማለፍ ሲሽቀዳደሙ ሕዝቡ በደስታ ተመለሰ። ማግዋየር 70፥ ሶሳ 66 መቱ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አንድ ጋዜጠኛ በማግዋየር የልብስ ሣጥን ውስጥ አንድ ጠርሙስ አየ። በውስጡ የነበረው አንድሮስቴንዲዮን የሚባል፥ ሰውነት ወደ ወንዴ ሆርሞን የሚለውጠው ንጥረ ነገር ነው። በኦሊምፒክ ውድድር የተከለከለ ሲሆን በቤዝቦሉ ሊግ ግን ገና አልተከለከለም ነበር። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ብዙዎች የተቆጡት በጠርሙሱ ሳይሆን በጋዜጠኛው ነበር። ሁሉም ደስ ብሎት ሳለ ደስታውን የሚያደፈርስ ሰው አልተወደደም።

ዋናው ነገር ግን ስቴሮይድ የሚባለው አበረታች ቅመም ነበር። ይህ በሰው እጅ የተሠራ የወንዴ ሆርሞን ዓይነት ነው። ጡንቻን ያፋፋል፥ የደከመ ሰውነትም ቶሎ እንዲያገግም ያደርጋል። በአንጻሩ ልብንና ጉበትን ይጎዳል፥ ጠባይን ይለውጣል፥ ሲያቋርጡትም ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ሊያስከትል ይችላል። የሊጉ ኃላፊ በ1991 በጽሑፍ ከልክለውት ነበር፤ ዳሩ ግን የሚመረምር ስላልነበረ ክልከላው ወረቀት ሆኖ ቀረ። በዚህም ጊዜ «ሁሉም ይወስዳል» የሚለው አነጋገር በየልብስ መቀየሪያው ክፍል ተሰማ።

እስኪ እውነት ሁሉም ነበርን? በ2003 ሊጉ የማንም ስም ሳይገለጥና ማንም ሳይቀጣ ተጫዋቾቹን አስመረመረ። ከ1,400 በላይ ምርመራ ተደርጎ ቅመሙ የተገኘው ከመቶ ከ5 እስከ 7 በሚሆኑት ላይ ነበር። ምርመራው እንደሚደረግ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ በዘመኑ ምርመራ የማይገኙ ቅመሞችም ነበሩ። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጥ ይሆናል። ይሁን እንጂ እጅግ ብናበዛው እንኳ «ሁሉም» አይሆንም። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ «ሁሉም» የሚለው ቃል በደለኛ የሚደበቅበት ጫካ ነው። ገብተን ስንቆጥር ዛፉ ጥቂት ሆኖ እናገኘዋለን።

ያልወሰዱት ግን ምን ሆኑ? በዚያ ዘመን በአንድ ቡድን ዝርዝር የሚገቡት 25 ተጫዋቾች ብቻ ነበሩ። አንዱ በቅመም ኃይል ቦታ ሲይዝ፥ በንጹሕ ላቡ የደከመ ሌላ ወጣት በታችኛው ሊግ ቀርቶ በመጨረሻ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዚህ ወጣት ስም በየትኛውም የክብር መዝገብ አልተጻፈም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል። ጉዳቱም በዚህ አላበቃም። በቴክሳስ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ቤዝቦል የሚጫወት የ17 ዓመት ልጅ ስቴሮይድ ሲወስድ ቆይቶ በ2003 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጣ። አባቱ በ2005 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቆመው ልጃቸውን ለዚህ ያበቃው ያ ቅመም ነው ብለው እንደሚያምኑ መሰከሩ፤ ታላላቆቹ ተጫዋቾችም ለልጆች አርአያ መሆናቸውን እንዲያስቡ ለመኑ። እንግዲህ በስውር የተሠራ ኃጢአት በሠሪው ላይ ብቻ እንደማይቀር ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ርእሴ ልመለስ። በዚያው ዕለት፥ መጋቢት 17 ቀን 2005፥ ታላላቅ ተጫዋቾችም በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ነበር። ራፋኤል ፓልሜሮ ጣቱን ቀስሮ ስቴሮይድ ፈጽሞ ወስዶ እንደማያውቅ በመሐላ ተናገረ፤ አምስት ወር ሳይሞላ በምርመራ ተገኝቶበት ታገደ። እርሱ ግን አውቄ አልወሰድሁም አለ። ማግዋየር ስላለፈው ነገር ልናገር አልመጣሁም ብሎ ዝም አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በጥር 2010፥ ማግዋየር በእንባ ሆኖ ስቴሮይድ ይወስድ እንደ ነበር አመነ፤ የሟቹን የሮጀር ማሪስን ባለቤትም በስልክ ይቅርታ ጠየቀ። ይህ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን የወሰድሁት ጉዳቴን ለመፈወስ እንጂ ኳሷን አርቄ ለመምታት አልረዳኝም አለ። አሌክስ ሮድሪጌዝ ደግሞ በ2009 ከ2001 እስከ 2003 መውሰዱን ገለጠ፤ በ252 ሚሊዮን ዶላር ውል ወደ ቴክሳስ ቡድን ሲገባ ከባድ ጭንቀት ተጭኖት እንደ ነበረም ተናገረ። ሕዝቡ ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሌላ ተመሳሳይ ጥፋት ተገኝቶ የ2014ን የውድድር ዘመን በሙሉ ታግዶ አሳለፈ።

እነዚህን ሰዎች ያነሣኋቸው ልፈርድባቸው አይደለም፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው። አንድ ነገር እንድናይ ብዬ ነው። አንዱ ካደ፥ አንዱ ዝም አለ፥ አንዱ ከተናገረው ላይ ሰበብ ጨመረበት፥ አንዱ ደግሞ የሚናገረውን ዓመት መረጠ። የኃጢአትን ግማሽ ተናግሮ ግማሹን ማስቀረት እሾህን ሰብሮ ጫፉን ከሥጋ ውስጥ እንደ መተው ነው። ላዩ ይድናል፥ ውስጡ ግን ይመግላል።

የአንዲ ፔቲት ታሪክ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን ነክቶታል። ፔቲት የኒው ዮርክ ያንኪስ የቀድሞ ዝነኛ ወርዋሪ፥ ክርስቲያንነቱንም በግልጥ የሚናገር ሰው ነው። በታኅሣሥ 13 ቀን 2007 የቀድሞው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ጆርጅ ሚቸል የ89 ተጫዋቾች ስም ያለበትን ባለ 409 ገጽ የምርመራ ዘገባ ሲያወጡ፥ የፔቲት ስም በውስጡ ተገኘ። በሁለተኛው ቀን ፔቲት እውነት ነው አለ። በ2002 ክርኑ ተጎድቶ ሳለ ቶሎ ለመዳን የእድገት ሆርሞን የሚባለውን መድኃኒት በመርፌ ወስዶ ነበር። ሕዝቡ ቶሎ በማመኑ አደነቀው።

ነገር ግን ያ ግማሽ ነበር። በየካቲት 2008 የምክር ቤቱ መርማሪዎች በቃለ መሐላ ሲጠይቁት፥ ማንም ያልደረሰበትን ሌላ ነገር ራሱ አወጣ። በ2004ም ወስጄ ነበር አለ፤ ያገኘሁትም ከአባቴ ነው አለ። አባቱ በሕመማቸው ምክንያት ለራሳቸው ይወስዱት ኖሯል። ይህንን ቀድሞ የሸሸገው አባቱን ላለማሳፈር ነበር። ስለምን ሁሉን እንደ ተናገረም ሲያስረዳ፥ አንድ ቀን በእግዚአብሔር ፊት ስለ ሠራሁት ሁሉ መልስ እሰጣለሁ የሚል ሐሳብ ተናገረ። እስኪ አስቡት፤ የመጀመሪያው ኑዛዜ ምስጋና አትርፎለት ነበር፤ ሁለተኛው ግን ኀፍረት እንጂ ትርፍ አልነበረውም። የመጀመሪያው ስሙን አዳነለት፥ ሁለተኛው ኅሊናውን።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 የምናነበው የሐናንያና የሰጲራ ታሪክ በዚህ ጊዜ ትዝ ይለናል። መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ከፊሉን አስቀሩ፤ የቀረውንም ይዘው መጥተው ሙሉው ይህ ነው ብለው በሐዋርያት እግር ሥር አኖሩ። ቅዱስ ጴጥሮስ የወቀሳቸው ገንዘቡን ስላስቀሩ አልነበረም፤ መሬቱም ዋጋውም የራሳቸው ነበርና። የወቀሳቸው ግማሹን ሙሉ ነው ስላሉ ነው። እኛም ንስሐ አባታችን ፊት ቀርበን ቀላል ቀላሉን መርጠን፥ «ጾም አጉድያለሁ፥ ከጸሎት ሰንፌያለሁ» ብለን የከበደውን ይዘን ስንመለስ የሐናንያን ሥራ መሥራታችን ነው። ልበ አምላክ ዳዊት በመዝሙር 31 ዝም ባለ ጊዜ አጥንቱ እንዳረጀ፥ በደሉን ሳይሸሽግ በተናገረ ጊዜ ግን እግዚአብሔር ይቅር እንዳለው ይነግረናል።

እንግዲህ ያልሳቅሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ። በሁለተኛ ዓመት ትምህርቴ በአንድ ፈተና ላይ ጓደኛዬ ያቀበለኝን ወረቀት ተመልክቼ ጻፍሁ። «ሁሉም ይኮርጃል» እያልሁ ነበር። ጥሩ ውጤት አገኘሁ፤ እናቴም ለዘመድ ሁሉ አወራች። በፍልሰታ ጾም ንስሐ አባቴ ዘንድ ስገባ፥ «በትምህርቴ ታካች ሆኛለሁ» ብዬ አለፍሁት። ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። የፔቲትን ነገር ያነበብሁ ዕለት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሳምንቱ ተመልሼ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። አባ ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ ያ ውጤት የማን ነው?» አሉኝ። «የእኔ አይደለም አባቴ» አልሁ። «እንግዲያስ ለሰጠህ ሰው መልስለታ» አሉኝ።

ወደ መምህሬ በር ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስሁ። በሦስተኛው አንኳኳሁ። ውጤቱ ተሰረዘ፤ ትምህርቱንም በሚመጣው ዓመት ከታች ካሉት ተማሪዎች ጋር እንደገና እወስዳለሁ። የጓደኛዬን ስም አልጠራሁም፥ መምህሬም አልጠየቁኝም፤ የራስን በደል መናገር እንጂ የሌላውን ገበና ማውጣት ንስሐ አይደለምና። ለእናቴ መንገሩ ግን ከሁሉ ከብዶኝ ነበር። አለቀሰች፤ ከዚያም ቡና አፈላችልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሆይ፥ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። ሕጉን ብቻህን ብትጠብቅ ሞኝ አትሆንም፤ ብቻህንም አይደለህም። ብላቴናው ዳዊት ያልለመደውን የሳኦልን ጥሩር አውልቆ በወንጭፉ ብቻ እንደ ወጣ አስብ (1ኛ ሳሙ. 17)። የራስህ ያልሆነ ኃይል ለብሰህ ከምታሸንፍ፥ በድካምህ ቀርበህ ኃይሉን ከእግዚአብሔር ብትጠብቅ ይሻልሃል። ከወደቅህም «ሁሉም» ወደሚባለው ጫካ አትሸሽ። ዛሬ የቤዝቦሉ ሕግ ጠንክሯል፤ ከ2014 ጀምሮ መጀመሪያ የተገኘ 80 ጨዋታ፥ ሁለተኛ የተገኘ 162 ጨዋታ፥ ሦስተኛ የተገኘ ዕድሜ ልኩን ይታገዳል። ምርመራ ግን ሰውን ይይዛል እንጂ አያድንም። የሚያድነው ሳንያዝ በፊት፥ ማንም ሳያውቅብን፥ ሙሉውን ይዘን ወደ አባታችን ስንመለስ ነው።

ጾሙ እየቀረበ ነው። ከእኛ መካከል ጫፉ በውስጡ የቀረበት ካለ፥ ባለፈው ሳያወጣው የተመለሰውን ይዞ ዳግመኛ ይሂድ። አባቶቻችን በራቸውን አይዘጉብንም።

አምላካችን ሳንሸሽግ የምንናዘዝበትን ድፍረት፥ ተናዝዘንም የምንጸናበትን ኃይል ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። ይቆየን።