ዲስኩ «ፎርማት አድርገኝ» ሲልህ

ልጄ፣ የጥር ሠርግ ሲደራረብ የሦስት አራት ሙሽሮች ቀረጻ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ተከማችቶ ይከርማል። አንድ ቀን ትሰካዋለህ፤ ፎልደሩ አልከፈት ይላል፣ ወይም «ከመጠቀምህ በፊት ዲስኩን ፎርማት አድርግ» የሚል መልእክት ይመጣብሃል። መልእክቱን ሰርዘው። ከዚያ ዲስኩን ንቀልና እጅህን ሰብስብ።

መልእክቱ የሚያስደነግጠውን ያህል እውነት የለውም። ዊንዶውስ ሊል የፈለገው «ማውጫውን ማንበብ አቃተኝ» ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይሎቹ መደርደሪያው ላይ እያሉ የመዝገብ ቁጥሩ ደብተር ቢጠፋ ማለት ነው፤ ቀረጻህ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ። ማክ ካለው ኤዲተር ጋር ስለምትቀባበል ደግሞ ዲስክህ ኤክስፋት የሚባለው ፋይል ሲስተም ያለው ሳይሆን አይቀርም። ኤክስፋት እንደ ዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ የለውጥ መዝገብ ስለማይይዝ፣ ኮፒ እያደረግህ መብራት ቢሄድ ወይም ሳታስወጣው ብትነቅለው ማውጫው በቀላሉ ይበላሻል።

አሁን ወዳጆችህ ይመክሩሃል። አንዱ «ፎርማት አድርገህ በሶፍትዌር መልሰው» ይልሃል። ፈጣኑ ፎርማት ብዙ አይነካ ይሆናል፤ ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመለስ ነገር የለም። ሌላው «የዊንዶውሱን ቼክ ዲስክ አስነሳ» ይልሃል። እሱ ደግሞ የሚጨነቀው ለፋይል ሲስተሙ ነው፤ የሙሽራዋ ቪዲዮ ጉዳዩ አይደለም። ማውጫው ላይ ያልተገናኘለትን ቆርጦ ያወጣል፣ ቁራጩንም አንዳንዴ ስም አልባ አድርጎ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ይጥልልሃል። የደከመ ዲስክ ላይ እያንዳንዷን ሴክተር እንዲፈትሽ ካዘዝከው ደግሞ ያለችውን ትንፋሽ ይጨርሳታል።

ይልቅ አንዴ ሰክተህ ጆሮህን አቅርብ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማህ ዳግመኛ አትሰካው። የዲስኩ አንባቢ ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ነው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለእሱ ተራራ ናት። ስለዚህ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ በቢላ ፈልቅቆ «ልየው» የሚል ሰው ቢያጋጥምህ ቀምተኸው ውጣ። አትፈር።

ድምፁ ደህና ከሆነ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይር፣ ሌላ ኮምፒውተርም ሞክር። ትንሹ ኤክስተርናል ኃይሉን የሚያገኘው ከዩኤስቢው ስለሆነ፣ በላላ ኬብል የተነሳ ብቻ ሞተ የተባለ ዲስክ ብዙ ነው።

ይህም ካልሆነ፣ መጠገን ከመጀመርህ በፊት ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ። ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ደህናውን ቦታ ቀድሞ ያነሳል፣ እምቢ ያለውን እየዘለለ ያልፍና በኋላ ተመልሶ ይሞክረዋል። የደረሰበትን በማስታወሻ ፋይል እንዲይዝ ካዘዝከው መብራት ቢሄድ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው። ከዚያ በግልባጩ ላይ ቴስትዲስክ የሚባለውን ፕሮግራም አሠራ፤ ማውጫውን ማዳን ካልቻለ ወንድሙ ፎቶሬክ አለ። ሁለቱም የክሪስቶፍ ግሬኒዬ ሥራዎች ናቸው፣ ገንዘብም አይጠየቅባቸውም። ፎቶሬክ ማውጫውን ከነጭራሹ ትቶ እያንዳንዱን ፋይል በአጀማመሩ ይለየዋል። ስሞቹና ፎልደሮቹ ግን አይመለሱም፤ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ተቀላቅሎ ይጠብቅሃል፣ ታግሠህ ለይ። ያወጣኸውንም በምንም ተአምር እዚያው የታመመው ዲስክ ላይ እንዳታስቀምጥ፤ ያልዳነውን በዳነው ትደፍነዋለህ።

መጠኑ ሙሉ ሆኖ የማይከፈት ቪዲዮ ብታገኝ ለመሰረዝ አትቸኩል። ብዙ ካሜራ የኤምፒፎር ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ሲቆም መጨረሻ ላይ ነው፤ ባትሪ በመሐል ካለቀ ምስሉ ኖሮ ማውጫው ይቀራል። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ሴቲንግ የተቀረጸ አንድ ጤነኛ ቪዲዮ ካለህ አንትራንክ የሚባለው ፕሮግራም እሱን እንደ ናሙና ወስዶ የተሰበረውን ይጠግነዋል።

ፎልደሮችህ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኘሃቸው ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግህም። ቫይረስ ነው፤ ፋይሎቹን ደብቋቸዋል እንጂ አልነካቸውም። ሾርትከቱን አትጫን። ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ በአንቲቫይረስ አጽዳና የተደበቁትን አውጣ።

ለባለሙያ መስጠት ግድ ከሆነ፣ ስለ ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት «የምትሠራው በዋናው ላይ ነው በግልባጩ?» ብለህ ጠይቀው። ጥያቄው ካልገባው ዲስክህን ይዘህ ተመለስ። ለሙሽሮቹም ሳትውል ሳታድር ደውል፤ ከዘመድ ስልክና ከቴሌግራም ግሩፕ የሚሰበሰበው ቪዲዮ ሳይሰረዝ የሚገኘው አሁን ነው። ከእንግዲህ ደግሞ ቀረጻው ሁለት ዲስክ ላይ ገብቶ፣ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂቱን ከፍተህ ሳታይ የካሜራህን ካርድ አታጥፋ።