አሸዋና ሰበቃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰነፍ ሰው አስተምሮናል። ነገር ግን በብቸናም ሆነ በሞጣ ያለ አሸዋ ግንብ የሚያቆም ግንበኛ ማን አየ? ያው አሸዋ አንዱን ቤት ይጥላል፤ ሌላውን ያጸናል። ምሥጢሩ ምንድር ነው?

ምሥጢሩ ሰበቃ ነው። የአሸዋ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ሲጫጫኑ በመፋተግ ይያያዛሉ። ጎርፍ በመካከላቸው ሲገባ ግን የውሃው ግፊት መጫጫናቸውን ያቀልለዋል፤ ሰበቃው ይደክማል፤ መሠረቱም ታጥቦ ይሄዳል።

ፖቲዮንዲ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ አሸዋ ከብረት፣ ከእንጨትና ከኮንክሪት ጋር ያለውን ሰበቃ ለካ። ልሙጡ ብረት በቀላሉ ተንሸራተተ፤ ሸካራው ኮንክሪት ግን አሸዋ ከአሸዋ ጋር የሚያያዘውን ያህል ለመያዝ ጥቂት ብቻ ቀረው። በኮንክሪት ውስጥ የሚቀበረው ፌሮም ገላው ጥርስ እንዲኖረው የሚደረገው እንዳይሾልክ ነው። ደግሞም ሸክሙ በከበደ መጠን ሰበቃው ይበረታል።

እኛስ? ወንድም ገሠጸኝ፣ እኅት ቃል ተናገረችኝ ብለን ከጉባኤ እንቀራለን። ልስልስ ቃል ብቻ የሚሻ ማኅበር ግን እንደ ልሙጥ ብረት ነው፤ ፈተና ሲስበው ይሾልካል። አንዳችን የሌላውን ሸክም ስንሸከም ግን መያያዛችን ይጠነክራል።

ይሁን እንጂ መፋተግ ብቻውን ይፈጫል እንጂ አይገነባም። አሸዋው ኖራ ወይም ሲሚንቶ ይሻል፤ እርሱም ፍቅር ነው። ብልህ ግንበኛ አሸዋውን በመዳፉ ያሻል፤ እጁን ካቆሸሸው አፈር አለበትና ያጥበዋል፤ አፈሩ ኖራው እንዳይጨብጥ ይከለክላልና። የእኛ አፈር ቂም ነው፤ መታጠቢያውም ንስሐ።

ከሞጣ ወገን ወደ ዓባይ ስንወርድ የምናገኘው ሰባራ ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ ተገንብቶ የስንቱን ክረምት ሙላት ቻለ! መካከሉን የቆረጠው ጎርፍ ሳይሆን በኢጣልያ ወረራ ዘመን የሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪጠገን ድረስ መንገደኛው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። እኛም ጎርፍ ያልጣለውን አንድነት በገዛ እጃችን ብንቆርጠው፣ ተከትለውን የሚመጡት ታናናሾቻችን በምን ይሻገራሉ?

እንግዲህ ዛሬ የተኳረፈ ይታረቅ፤ የቀረውን ወንድም ሄደን እንጥራው። ዓለቱ ክርስቶስ በእርሱ ላይ ያጽናን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።