«ተሠርቷል» ስንል

የአጎቴ የሸክላ ማጫወቻ አውቶማቲክ ነው። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ በሸክላው ላይ ያለው መስመር ይሰፋና ክንዱን በፍጥነት ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ክንዱ አንዲት ትንሽ ብረት ይገፋል፤ እሷ ባለ ጥርሱን ክብ ታስነሳለች፤ ክንዱ ተነሥቶ ቦታው ይመለሳል። ያለ አንድ መስመር ኮድ!

አሁን ግን ግራሶው ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ክንዱ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል፣ ሸክላውም አብሮት ይቆማል።

ብረቷን ነቀልኳት። አምስት ደቂቃ። መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነን፤ ያስቸገረውን ፊቸር አጥፍተን ቲኬቱን እንዘጋለን።

«ተሠራ ወይ?» አሉኝ።

«ተሠርቷል ጋሼ፤ ሲያልቅ ብቻ በእጅዎ ያንሡት።»

ውሸት ነው? ሙዚቃው ይሰማል። ለእኔ ማንሣቱ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ደስ ይላል። የአጎቴ እጅ ግን ይንቀጠቀጣል። የሚወዷቸው የአምሃ ሪከርድስ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ያልቃሉ። የማህሙድ ዘፈን ሲያልቅ ክንዱን ሁለቴ ሳቱት፤ መርፌው ሲጭር ከሳሎን ሰማሁ። ምንም አላሉኝም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ለካ የጠየቁኝ ስለ ማሽኑ አልነበረም።

ቅዳሜ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ተቀመጥኩ። ብረቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች።