ልጁ ለዕረፍት ቤቱ ገባ፦ ንባቡና አንድምታው

ንባብ። ልጁ ከኮሌጅ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ገባ፤ እናቱም አይታው፣ አድገሃል፣ አለችው።

ሐተታ። ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ ንባብ አይደለም። በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ በናይሮቢ፣ በኢስሊ ሰፈር፣ በሐበሾች ደጃፍ የሚነገር ቃል ነው። የአንድምታ መምህራን ንባቡን በየሐረጉ እየያዙ እንደሚፈቱት እኛም እንደዚያው እንያዘው። አጭር ቢመስልም ብዙ ዘመን ያዘለ ነውና።

ልጁ አለ። ምነው ተማሪው አላለም ቢሉ፤ በኮሌጁ መዝገብ ተማሪ ነው፤ መንገድ ላይ አስቁሞ መታወቂያ ለሚጠይቀው ፖሊስ ጎልማሳ ነው፤ በዚህ ደጅ ግን ልጅ ነውና። አንድም ልጁ ማለቱ የሚያየው ወላጅ እንዳለ ሲያጠይቅ ነው። ስለ ራሱ ማደግ የሚናገረው እሱ አይደለም፤ የምትመሰክረው እናቱ ናት።

ከኮሌጅ አለ። ታሪክ። ዕድል የቀናቸው የኢስሊ ልጆች ኤልዶሬት ወዳለው ሞይ ዩኒቨርሲቲ፣ ንጆሮ ወዳለው ኤገርተን፣ ወይም ከናይሮቢ ውጭ ወዳለ ሌላ ኮሌጅ ይሄዳሉ። የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ የናይሮቢ ሰው ሻግስ ወደሚለው ወደ አያቶቹ መንደር ይወጣል፤ አውቶቡሱ ሁሉ ወደ ኪሱሙ፣ ወደ ካካሜጋ፣ ወደ ሜሩ ይሞላል። የሐበሻው ልጅ ይህን ሁሉ ሕዝብ በመንገድ እየተላለፈ ወደ ከተማ ይገባል። ምነው ቢሉ፤ የአያቶቹ መንደር ከሞያሌ ማዶ ነውና። መሐል ከተማ ወርዶ በ6 ወይም በ9 ቁጥር ማታቱ (ሚኒባስ) ኢስሊ ሲደርስ፣ ጓደኞቹ ሻግስ የሚሉት ለእሱ ይኸው ጭቃና ጡሩምባ የሞላበት ጎዳና ነው።

ለዕረፍት አለ። የማን ዕረፍት ነው ቢሉ፤ የኮሌጁ ነው። ኮሌጁ የሚዘጋው ለዲሴምበር 25 ነው፤ ለፈረንጆቹ ገና ማለት ነው። ቤቱ ግን ያኔ ጾመ ነቢያት ላይ ነው፤ ልደት የሚውለው ጃንዋሪ 7 ነውና። ከተማው ንያማ ቾማ ብሎ ሥጋ ሲጠብስ እናት ሽሮ ታንተከትካለች። ልጁ ከኮሌጁ ምግብ ቤት የቀረበለትን ሲበላ ከርሞ ድንገት ከጾም ቤት ገባ። እናት፣ ጾሙን ይዘሃል ወይ፣ ትለዋለች። እዚህ ላይ የማደጉ የመጀመሪያ ፈተና አለ። አንዱ ልጅ ይዋሻል፤ አንዱ፣ እኔ እንዲህ ያለውን ትቻለሁ ብሎ ይከራከራል፤ አንዱ እውነቱን ይነግራትና ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሷ ጋር ይጾማል። ሦስቱም አድገዋል። ሦስተኛው ግን ማደጉን እናቱ በምታውቀው መንገድ ስላሳያት እሱን አስበልጣለሁ። አንድም ለዕረፍት ሲል የእናትን ድካም ሲያሳስብ ነው። ልጇ በሚያርፍበት ወር እሷ ሌሊት ተነሥታ ትጋግራለች፤ ይህን አይቶ ውኃ የሚቀዳ ልጅ አንድ ዓመት ኮሌጅ የከረመው በከንቱ አይደለም።

ወደ ቤቱ አለ። ንባቡ እዚህ ይጠልቃል። ቤት ሲል ግድግዳና ጣሪያው ነው፤ ትቶት የሄደው አልጋ፣ በምስማር የተንጠለጠለው አሮጌ ጃኬቱ ነው። አንድም ቤት ሲል ትቶት በሄደበት የማይገኘውን ነው።

ታሪክ። ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ሊሙሩ የምትባል አገር አለች። ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1938 የተወለደው በዚያ ነው። እናቱ ዋንጂኩ ትምህርት ቤት ስታስገባው ቃል አስገብታዋለች፤ ምን ጊዜም የሚችለውን ያህል ሊጥር። ከፈተና ሲመለስ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው፣ ከዚህ የተሻለ ማድረግ ትችል ነበር ወይ፣ የሚለውን ነበር። በጃንዋሪ 1955 ኪኩዩ ከተማ ወዳለው አሊያንስ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። አሊያንስ የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች በ1926 በኅብረት የመሠረቱት፣ በአገሩ ለአፍሪካውያን ከተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ስሙ የገነነው ነው። አገሩ ግን በኦክቶበር 1952 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር። በእንግሊዝ ገዥዎች ላይ የተነሣው የማውማው ጦርነት በየጫካው ይካሄዳል፤ የንጉጊ ወንድም ጫካ ገብቷል፤ እንደ እሱ የጊኩዩ ነገድ የሆነ ሁሉ ያለ ፈቃድ ወረቀት አይጓዝም። ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሄድበትን የመንገደኛ ባቡር ተከልክሎ በዕቃ ፉርጎ ነበር የሄደው።

ኤፕሪል ላይ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት አለቀ። ልጁ ዩኒፎርሙን ለብሶ ሣጥኑን ይዞ ለዕረፍት ቤቱ ሊገባ መጣ። ከመንደሩ ሲደርስ መንደሩ የለም። አጥሩ ቆሟል፤ ቤቱ ፈርሷል። የጎረቤቱም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም ሁሉ እንዲሁ። ይህን ከ57 ዓመት በኋላ፣ በ2012 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፉ መክፈቻ ላይ አስፍሮታል።

ምን ሆነ ቢሉ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ሕዝቡን ከጫካ ተዋጊዎች ለመነጠል ከ1954 አጋማሽ ጀምሮ የተበታተነውን ሰፈር ሁሉ እያፈረሰ፣ በጠባቂ ምሽግ ሥር በተኮለኮሉ መንደሮች እያስገባው ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ከ800 በሚበልጡ መንደሮች እንዲሰፍር ተደርጓል። የንጉጊም ቤተ ሰብ ካሚሪቱ በተባለው አዲስ መንደር ተገኙ። እሱ የሼክስፒር ተውኔት በየዓመቱ በሚታይበት ትምህርት ቤት ሲከርም፣ እነሱ በገዛ እጃቸው ቤታቸውን አፍርሰው ሌላ እንዲሠሩ ተገደዱ።

ሐተታ። ይህን ታሪክ ማንሣቴ የኢስሊ ልጅ ቤቱን ፈርሶ ያገኘዋል ለማለት አይደለም። ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነገር ስላለ ነው። እኔ ስለወጥ ቤቱ ቆሞ ይጠብቀኛል ይላል፤ በዕረፍት ቀኑ የሚለካው የራሱን ቁመት ብቻ ነው። ቤቱም በዚያው ጊዜ ብዙ ደርሶበታል። ኪራይ ተጨምሮ ቤተ ሰቡ ከሁለት ክፍል ወደ አንድ ክፍል ወርዷል። አባት ሱቁን ዘግቶ የሰው ሱቅ ይጠብቃል። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ በገባ በነጋታው፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ የሰፈሩ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደጁ ያገኛቸዋል። አያቱ አዲስ አበባ ላይ ካረፈች ወራት አልፈዋል፤ ፈተናው እንዳይበላሽበት መርዶው ተደብቆ ቆይቷል። እናቱ በየሳምንቱ ስልክ ስታናግረው ድምፅዋን አስተካክላ ስታወራ ኖራለች። ልጁ ያለቅሳል፤ ስለ አያቱ ያለቅሳል፤ አንድም እናቱ ብቻዋን ስለተሸከመችው ወራት ያለቅሳል። ሁለተኛው ልቅሶ የሚመጣው ላደገ ሰው ነው።

ገባ አለ። በሩን አልፎ መቀመጡ ነው። አንድም ገባ ማለት ብዙ ዓመት የሚፈጅ ሥራ ነው። ታሪክ። ንጉጊ ከአሊያንስ ኡጋንዳ ወዳለው ማኬሬሬ፣ ከማኬሬሬ እንግሊዝ አገር ሊድስ ሄደ፤ ስሙ ወጣ፤ በ1967 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህር ሆነ። መኖሪያውም ከካሚሪቱ አጠገብ ነበር። እንዲህም ሆኖ በ1976 አንድ ቀን ማለዳ አንዲት የመንደሩ ሴት ቤቱ ድረስ መጣች። የነገረችውን እሱ ራሱ ጽፎታል፤ ብዙ ተምረሃል፣ መጽሐፍም ትጽፋለህ ይሉናል፤ ከዚህ ትምህርት ጥቂቱን ለመንደሩ ለምን አታካፍልም፣ ነው ነገሩ። ሰበብ ሰጣት፤ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ አንድ ወር ያህል እንዲሁ እየተመላለሰች ነዘነዘችው። በመጨረሻ ተነሣ።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። የመሃይምነት ማጥፊያ ትምህርት ተጀመረ፤ ከትምህርቱ ተውኔት ተወለደ፤ ንጉጊ ዋ ሚሪ ከሚባል ሌላ ሰው ጋር በጊኩዩ ቋንቋ የጻፈው ነው። የመንደሩ ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች 2000 ያህል ሰው የሚይዝ ጣሪያ የለሽ ቲያትር ቤት በገዛ እጃቸው ሠሩ። ጽሑፉ ሲነበብላቸው ሽማግሌዎቹ የዩኒቨርሲቲውን መምህር አስቁመው፣ ሰው እንዲህ አይናገርም፣ ዘፈኑም እንዲህ አይደለም እያሉ አረሙት። እሱም አረመ። ንጉጊ በእውነት ለዕረፍት ቤቱ የገባው ያን ቀን ነው ብል አልተሳሳትኩም። ተውኔቱ ኦክቶበር 1977 መታየት ጀመረ፤ በኖቬምበር ታገደ፤ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ደራሲው ያለ ፍርድ ታሰረ። በእስር ቤት በሶፍት ላይ የመጀመሪያውን የጊኩዩ ልቦለዱን ጻፈ። በ1982 ፖሊስ መጥቶ ቲያትር ቤቱን አፈረሰው። በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ጊዜ ፈረሰበት ማለት ነው፤ መጀመሪያ መንደሩ በውጭ ገዥ፣ ኋላ ቲያትር ቤቱ በአገሩ መንግሥት። በ2025 በስደት እንዳለ አሜሪካ ውስጥ ዐረፈ።

እናቱም አድገሃል አለችው አለ። ቁመቱን አይታ ነው፤ ሱሪው አጥሯልና። አንድም ጠባዩን አይታ ነው። ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ሳይሆን ሰውን ሲያይ አግኝታዋለች። አንድም አዝና ነው። ካደገ ይሄዳልና፤ ዕረፍቱ ሲያልቅ ኤልዶሬት፣ ከዚያ ማን ያውቃል ካናዳ ወይም አውስትራሊያ።

አንድም አድገሃል ማለት ልመና ነው። እኔ ከትርጓሜዎቹ ሁሉ የምይዘው ይህን ነው። የአብነት ትምህርት ሥርዓት ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የቆሎ ተማሪ ዘመድ እንዳያስቀረው ርቆ ሄዶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ዓመታት ቆይቶ ሲመለስ አገሩ እቅፍ አድርጎ ብቻ አይተወውም። በበዓሉ ዕለት መሐል አቁመው፣ በል ተቀኝ ይሉታል። የካሚሪቱ ሴት ያንን ነው ያደረገችው። የኢስሊ እናትም የምታደርገው ይህንኑ ነው። እሷ ኪስዋሂሊ የምታውቀው ለገበያ ያህል ነው፤ የእንግሊዝኛ ወረቀት ሲመጣ ሰው ፈልጋ ታስነብባለች። በዓመቱ ውስጥ የመጡትን ወረቀቶች ሁሉ በፕላስቲክ ጠቅልላ ከፍራሹ ሥር አስቀምጣለች፤ የአከራዩ ደብዳቤ አለ፤ የሆስፒታል ካርድ አለ፤ የመታወቂያ ማሳደሻ ቀጠሮ አለ፤ የታናሽ እኅቱ ትምህርት ቤት ወላጅ የጠራበት ወረቀት አለ። ምግቡ ተነሥቶ ቡናው ሳይፈላ አውጥታ ከፊቱ ታስቀምጣለች። እሱም ከላይ ያለውን አንሥቶ ለእሷ በሚገባት አማርኛ ማንበብ ይጀምራል፤ ያላወቀው ቃል ሲገጥመው ቆም ይላል፤ እሷ ትጠይቃለች፤ እሱ ደግሞ ያስረዳል። የአከራዩን ደብዳቤ ጨርሰው የሆስፒታሉን ካርድ ሲያነሡ፣ የደም ግፊት መድኃኒት እንደታዘዘላትና ግማሹን ብቻ እንደገዛች ያን ጊዜ ያውቃል።