ቻንዲጋርን በየት በኩል ልጀምራት?

ከዴልሂ ጠዋት በባቡር ከተነሱ ቻንዲጋር ሦስት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ያለኝ ሁለት ቀን ነው። ለጉብኝት ይበቃል፤ ከተማዋ ለእንግዳ አትከብድም። ሰፈሮቿ ከስም ይልቅ በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ አንዱ ሴክተር 800 በ1200 ሜትር ሆኖ ተቆርጧል፤ ትምህርት ቤቱ፣ ሱቁ፣ መናፈሻው እዚያው ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ፕላን 13 ቁጥር ተዘልሏል። ሁሉን ነገር በልክ በሰፋ ከተማ ውስጥ ይቺ ነገር ደስ ትለኛለች።

ያስቸገረኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሴክተር 1 ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አሉ፦ ለ ኮርቡዚዬ የሠራቸው የመንግሥት ሕንፃዎችና የኔክ ቻንድ የድንጋይ አትክልት ቦታ። ቀድሜ የማየው ሁለተኛውን የማይበትን ዓይን ይቀይረዋል ብዬ እፈራለሁ።

ታሪኩ አጭር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ፑንጃብ ለሁለት ተቆረጠች፤ ዋና ከተማዋ ላሆር ፓኪስታን ውስጥ ቀረች። ቀዬውን ጥሎ የተሰደደው ሕዝብ ብዙ ነበር። ኔህሩ ካለፈው ሸክም ነፃ የሆነች አዲስ ከተማ ፈለገ። የመጀመሪያውን ፕላን ከያዙት አንዱ፣ ማቲው ኖቪስኪ፣ በ1950 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በ1951 ለ ኮርቡዚዬ ከአጎቱ ልጅ ከፒየር ዣንሬ፣ ከማክስዌል ፍራይና ከጄን ድሩ ጋር ሥራውን ያዘ። ግማሽ ሚሊዮን ሰው ታስቦ የተነደፈችው ከተማ በ2011 ቆጠራ ከአንድ ሚሊዮን አልፋለች።

ብቻ መሬቱ ባዶ አልነበረም። የሚታረስ ማሳ፣ የማንጎ ዛፍ፣ ሰው የሚኖርባቸው መንደሮች ነበሩበት። ገበሬዎቹ ተነሡ፣ ቤቶቹ ፈረሱ።

ኔክ ቻንድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1924 ዛሬ ፓኪስታን በሆነ መንደር ተወልዶ በክፍፍሉ የተፈናቀለ ሰው ነው፤ በአዲሷ ከተማ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተቀጠረ። ከሥራ ሲወጣ ከፈረሱት መንደሮች ፍርስራሽ ስባሪ ሸክላውን፣ የመስታወት አምባሩን፣ ድንጋዩን በብስክሌቱ እየጫነ ወደ አንድ ሸለቆ ይወስዳል። ሸለቆው ምንም መሥራት የማይፈቀድበት የመንግሥት ደን ነበር። ለ18 ዓመት ያህል በድብቅ ሰዎችና እንስሳት ሠራበት። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲደረስበት በሕግ መፍረስ ነበረበት። አልፈረሰም፤ በ1976 ለሕዝብ ተከፈተ። እሱም ደመወዝና ሠራተኞች ተሰጥቶት ሥራውን ቀጠለ።

ቀላሉ ታሪክ አስቀድሞ ተዘጋጅቶልኛል፦ ቀዝቃዛ ኮንክሪት በዚህ፣ የሰው ልብ በዚያ። ፎቶውም ያምራል። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። በ1947 ልጆቿን ይዛ ድንበር የተሻገረች እናት ፊት ቆሜ "ከተማ በራሱ ጊዜ ይደግ" ብል ምን ትለኛለች? ለእሷ ፕላን ማለት ውሃና ጣሪያ እንደሚመጣ የተገባ ቃል ነው። ጓደኛዬ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገችው፣ "አንተ ቀጥ ያለ መንገድ የምትሰድበው ጭቃ ስላልረገጥክ ነው" ትለኛለች። መልስ የለኝም።

ሌላው የሚከነክነኝ የእኛው ከተማ ነው። በ1936 ጣልያን አዲስ አበባን እንደያዘ ይኸው ለ ኮርቡዚዬ፣ ከሞሶሎኒ ሥራ ለማግኘት ብሎ፣ ለአዲስ አበባ ንድፍ ስሎ ነበር። የነበረችውን ከተማ እንደሌለች ቆጥሮ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረባት። ንድፉ ወረቀት ላይ ቀረ። ከ15 ዓመት በኋላ ያው እጅ ፑንጃብ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምር ጋባዡ ነፃ የወጣ አገር ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አልክድም። አንዱ የወራሪ አገልጋይ ለመሆን የቀረበ ልመና ነው፣ ሌላው የነፃ ሕዝብ ትእዛዝ። ግን ቤቱ መስመሩ ላይ የወደቀበት ገበሬ ይህን ልዩነት በምን ያውቀዋል? እሱን በሁለቱም ቦታ የጠየቀው የለም።

ስለዚህ "ማን አዘዘ?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃኝም። እኔ የማየው ፕላኑ ያላሰበው ነገር ሲያጋጥመው ምን እንዳደረገ ነው። ቻንዲጋር የድንጋዩን አትክልት ቦታ ስታገኝ እጇን ሰበሰበች። ይህ ያስመሰግናታል። ነገር ግን አትክልት ቦታው ስለሚያምር ነው የተረፈው። የማያምረውስ? ኮንክሪቱን በራሳቸው ተሸክመው ያወጡት ሴቶችና የቀን ሠራተኞች እነሱ በገነቧት ከተማ ፕላን ውስጥ አቅማቸው የሚችለው ቤት አልተመደበላቸውም፤ ዳር ዳሩን ጎጆ ቀልሰው ነበር የሚኖሩት። የዣንሬ የቢሮ ወንበሮች እንኳ አንድ ጊዜ እንደ ቆሻሻ ተጥለው ኋላ አውሮፓ ጨረታ ላይ በብዙ ሺህ ዶላር ተሸጠዋል። ለወንበር የተገኘ ዋጋ ለጎጆዎቹ አልተገኘም።

እንግዲህ ወሰንኩ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የመንግሥት ሕንፃዎቹ ናቸው፤ በአስጎብኚ ነው የሚገባው፣ ፓስፖርት መያዝ አለብኝ። በ2016 በዩኔስኮ የተመዘገቡትን በሙሉ ዓይኔ፣ ሳላኮርፍ ላያቸው እፈልጋለሁ። ከዚያ ኔክ ቻንድ ጋ፤ ሲመሽ የሱክና ሐይቅ ዳር።

የሁለተኛውን ቀን ቡራይል ብዬ ጽፌዋለሁ። ሳይፈርስ ቀርቶ ከተማዋ የዋጠችው መንደር ነው፤ ሴክተር 45 ውስጥ፣ ቀጥ ባሉት መንገዶች መሐል ጠባብ ጠመዝማዛ ሆኖ ተቀምጧል። ጓደኛዬ ስሙን ዝርዝሩ ላይ አየችና "እዚያ ምን አለ?" አለችኝ። የሚጎበኝ ነገር እንደሌለ ነገርኳት። ካሜራውን ሆቴል እተወዋለሁ፤ ሻይ እጠጣለሁ፤ ትንሽ እዞራለሁ። የመመለሻው ባቡር አመሻሽ ላይ ነው።