አምስተኛው ልጅ ወንድ ይሆን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አንዲት እናት በተከታታይ አራት ሴቶች ልጆችን ብትወልድ በየሰፈራችን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አራስ ጠያቂው ገንፎውን እየበላ «አይዞሽ፣ የሚቀጥለው ያለ ጥርጥር ወንድ ነው» ይላታል። ከበር ሲወጣ ደግሞ «ማኅፀኗ ወንድ አይዝም» ብሎ ያማታል። ባሏን «ሌላ አግባ» የሚል መካሪም አይጠፋም።

እስቲ ረጋ ብለን እንቁጠር። በእያንዳንዱ ፅንስ የወንድና የሴት ዕድል እኩል ነው ለማለት ይቻላል፤ 100 ሴቶች ሲወለዱ 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ። አራት ልጆች የሚወለዱበት ቅደም ተከተል 16 ዓይነት ነው። በ6ቱ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት፣ በ8ቱ ሦስቱ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ የተለየ፣ በ1ዱ ሁሉም ወንድ፣ በ1ዱ ሁሉም ሴት ናቸው። እንግዲህ አራት ልጆች ካሏቸው 16 ቤቶች በአማካይ አንዱ የሴቶች ብቻ ቤት ነው። ይህ እርግማን አይደለም።

አምስተኛውስ? ሳንቲም ወርውረን አራት ጊዜ አንበሳው ቢወጣ፣ ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም። ዕድሉ አሁንም ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ «ያለ ጥርጥር ወንድ ነው» ማለት ማጽናናት አይደለም፤ ሴት ስትወለድ እናቲቱን ሁለተኛ ያቆስላታል።

ወቀሳውም መሠረት የለውም። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ የተባለውን ክሮሞሶም ይይዛል። የአባት ዘር ግን ኤክስ ወይም ዋይ ይይዛል፤ ዋይ ከሆነ ወንድ፣ ኤክስ ከሆነ ሴት ትፀነሳለች። ልዩነቱ የሚመጣው በአባት በኩል ነው፤ እርሱም ቢሆን መርጦ አይሰጥምና አይወቀስም።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27 ሰለጰዓድ ወንድ ልጅ ሳይኖረው ሞተ። አምስቱ ሴቶች ልጆቹ ግን በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር ፊት ቆመው፣ የአባታቸው ስም ስለምን እንደሚጠፋ ጠየቁ። እግዚአብሔርም እውነታቸውን መሆኑን ለሙሴ ነገረው፤ ርስቱም እንዲሰጣቸው አዘዘ። ታዲያ እግዚአብሔር ያከበረውን ቤት እኛ «ባዶ ቤት» እንበለውን?

ነገ አባትና እናት የምትሆኑ ወጣቶች ሆይ! ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እያልን ስጦታውን አናማርጥ። አራስ ስንጠይቅም ለአምስተኛዋ ሴት ልጅ፣ ለመጀመሪያው ወንድ የምናሰማውን ያህል እልል እንበል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።