ወድቆ መትረፍ

አንባቢ ሆይ፣ የወደቀ ሰው በሌላው ውድቀት ቢተርፍ፣ ከዚያ በኋላ ያገኘው ድል የራሱ ነውን?

የከተማችን የአይስ ሆኪ ቡድን፣ ፍራንክፈርት ላየንስ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ከጀርመን አንደኛ ሊግ መጨረሻ ወጣ። ላለመውረድ በተደረገው ግጥሚያም በሽቬኒንገን ተሸነፈ። ሆኖም አሸናፊው በገንዘብ ችግር ፈቃዱን ስላጣ፣ ላየንስ ሳይወርድ ቀረ። በ2004 ሻምፒዮን ሆነ! በ2010 ግን በተራው በዚያው ችግር ፈቃድ ተነፈገ።

በመምህርነቴ ዘመን የወደቀን ተማሪ «አበቃለት» እል ነበር። ዛሬ ታክሲዬን ይዤ በራትስቬጉ የበረዶ አዳራሽ አጠገብ ሳልፍ ያ ፍርዴ ይቆጨኛል። ዕድል በር ይከፍታል እንጂ አይጫወትልንም፤ ስለዚህ ድሉ የራስ ነው። በሩ ግን የራስ አይደለም። እኛም እዚህ የደረስነው ብዙዎች በቀሩበት መንገድ ነውና፣ መመጻደቁን ትተን በሩ ያልተከፈተላቸውን እናስብ።